የኦቦ ባይሳ ትንሿ ካሜራ

“የትኛው ይሻላል?”

ሰውዬው በአውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ ቆሟል። ክላሹ ትከሻው ላይ፣ ሁለት ካሜራ በሁለት እጁ። በቀኙ የእኔን ትልቁን ሚረርለስ ካሜራ ይዟል፤ የሌንሱ አፍ የሻይ ብርጭቆ ያህላል። በግራው አጠገቤ የተቀመጡትን የኦቦ ባይሳን የኪስ ዲጂታል ይዟል፤ ቀለሟ ተልጧል፣ የባትሪዋ ክዳን በላስቲክ ታስሯል።

“ሌቦች አይደለንም” ይላል። “ለሥራ አንድ ካሜራ ያስፈልገናል። አንድ ብቻ። አንተ ፎቶ ቤት አለኝ ብለሃል፤ ንገረኛ!”

የማን ሰው እንደሆነ አልጠይቀውም። ከባኮ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ የደንብ ልብስ ማንነትን መናገር ካቆመ ቆይቷል፤ ለይቼ አውቃለሁ የሚል ካለ ወይ ይዋሻል ወይ በዚህ መንገድ ሄዶ አያውቅም። ጉደር ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን እሱና ሁለት ጓደኞቹ አስቆሙን። ወረቀት ይዘው ገቡ፤ ወረቀቱ ላይ “ገቢሳ ባይሳ” የሚል ስም አለ። መልኩን አያውቁትም። የኦቦ ባይሳን መታወቂያ ሲያዩ “ልጅህ የት ነው?” አሏቸው። “ካየሁት ሁለት ዓመት አለፈኝ” አሉ ሽማግሌው።

ልጃቸው ከፊታችን ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። የአጎቱን ልጅ መታወቂያ ነው ያሳያቸው፤ ፎቶው ከመደብዘዙ የተነሳ የማንም ሊሆን ይችላል። አይተው መለሱለት። ማጅራቱ ላይ ላብ ሲወርድ ከዚህ ይታየኛል።

ትናንት የእህቱን ሰርግ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ለፎቶ ሲሰለፍ ገቢሳ ከኋላ ቆመ፤ በእህቱ ሰርግ ፎቶ ላይ የሌለ ወንድም እንደ ሞተ ይቆጠራል ብለው አክስቶቹ ጎትተው አቆሙት። ኦቦ ባይሳ ትንሿን ካሜራ አወጡና “ኤጄታ፣ እሱ ያለበትን በእኔዋ አንሳው፤ ከእኔ ዘንድ ይቅር” አሉኝ። እኔ ደግሞ ክርክር መሸነፍ አላውቅም። “ኦቦ ባይሳ፣ ይህ መጫወቻ ነው! አምስት ሰው ከቆመ ፊት አይለይም። በእኔው ከመቶ ሰው መሀል የአንዱ ሽፋሽፍት ይቆጠራል” አልኳቸው። የሰርጉ እንግዳ ሁሉ ሳቀ። ካሜራቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። አሸነፍኳቸው፤ ገቢሳ ያለበትን በእኔው አነሳሁት።

አሁን ያ ሽፋሽፍት በሰውዬው ቀኝ እጅ ውስጥ ነው።

“ትንሿ” እላለሁ።

“ትቀልድብኛለህ?”

“አልቀልድም። የዚህኛው ባትሪ ግማሽ ቀን አይቆይም፤ ቻርጅ ለማድረግ መብራት ይፈልጋል። እናንተ ዘንድ መብራት አለ?” ድፍረቴ ራሴን ያስደነግጠኛል። ቶሎ እቀጥላለሁ። “ትንሿ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ይበቃታል፤ የትም ሱቅ ይገኛል። ኪስ ትገባለች። ሌንስ ተፈታ፣ አቧራ ገባ የለ። መጫን ብቻ።”

የሚያናድደው ሁሉም እውነት መሆኑ ነው።

ኦቦ ባይሳ የኮቴን እጅጌ ይጎትታሉ። እጄን አስለቅቃለሁ። ልጃቸው ሊያዝ ነው፣ እሳቸው ለቆርቆሮ ያዝናሉ!

“ታዲያ አንተ ትልቁን ለምን ተሸከምከው?”

“የሰርግ ደንበኛ የሚከፍለው ለፎቶው አይደለም፤ ለካሜራው ግዝፈት ነው።”

ሰውዬው ይስቃል። ከኋላ አንዲት ሴት አብራው ትስቅና መሀል ላይ ታቆማለች። ሚረርለሱን አብርቶ ወደ እኔ ያነጣጥራል፤ አውራ ጣቱ ፎቶ ማያዋን ቁልፍ ይነካል፣ ይለቃል፣ ይነካል። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ።

“ቆንጆ ነው” ይላል።

“ቆንጆ ነው። ዝናብ ግን አይችልም።”

“ኤጄታ፣ ኢልመኮ…” ይላሉ ኦቦ ባይሳ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

“ዝም ይበሉ እንጂ!”

ሰውዬው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ ትልቁን ጭኔ ላይ ይጥለዋል። “አባባ፣ የእርስዎን ወሰድኩ። ይመርቁኝ እንጂ!” ሰውዬው ትንሿን ካሜራ በጣቱ እያዞረ ይወርዳል።

መንገዱ ላይ የተጋደመውን ግንድ ገና አላነሱልንም። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ትንፋሼን እለቃለሁ። በእኔው ላይ ያለው የገቢሳ ፎቶ ዳነ። ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ እየከተትኩ “አይዘኑ ኦቦ ባይሳ፣ ሌላ እገዛልዎታለሁ” እላለሁ።

“ለካሜራው ነው ያልኩህ?”

ፊታቸውን አሁን ገና አየዋለሁ። አመድ መስሏል።

“ትናንት ከሳቃችሁብኝ በኋላ ገቢሳን ጠራሁት” ይላሉ በሹክሹክታ። “በሩ ጋ፣ ብርሃኑ ላይ ከእናቱ ጋር አቆምኳቸው። እዚህ ድረስ ተጠግቼ።” እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ፊቴ ፊት ያቆማሉ። “ፎቶው ላይ የትናንቱ ቀንም ተጽፏል። ቀን እንድትጽፍ ያስሞላኋት እኔው ነኝ።”

አንድ ክንድ ርቀት፣ የበር ብርሃን። ከዚያ ርቀት ላይ ፊት የምታደበዝዝ ካሜራ የለችም፤ ይህን ለማወቅ ፎቶ ቤት መክፈት አያስፈልግም። የእሷን ፎቶዎች አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። ንቄ።

በመስኮቱ እመለከታለሁ። ሰውዬው ከግንዱ አጠገብ ቆሞ ትንሿን ስክሪን ከፀሐይ በመዳፉ ከልሏታል። ሁለቱ ጓደኞቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አንዱ የሆነ ነገር ይጠይቃል፤ እሱ ካሜራዋን ወደ ዓይኑ ያቀርባል።

ከዚያ ቀና ይልና የአውቶቡሱን መስኮቶች ከፊት ጀምሮ አንድ በአንድ ማየት ይጀምራል።