በአንድ ሌሊት የደረሰው ቻንግ

ከዋሸሁ ምላሴ ይድረቅ! በሕንድ ተራሮች ያለችው የላዳኽ ሰው ነዋንግ አምስት ቀን የሚፈጀውን የገብስ ጠላ፣ ቻንጉን፣ በአንድ ሌሊት አደረሰው። ቤተሰቡ ቤት የሚውለው እሑድን ብቻ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ማታ ማሰሮውን በቤቱ ብርድ ልብስ ሁሉ ጠቅልሎ ሲያሞቀው አደረ። ሽታው የነካት ዝንብ እየተንገዳገደች ወጣች።

«ዶልካር፣ ቅመሺልኝ እንጂ!» አላት ሚስቱን።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ስብሰባ አለብኝ! ሰክሬ ልግባልህ?» ብላ ወጣች። ሴት ልጃቸውም ለጥናት ተከትላት ሄደች።

ነዋንግ ለራሱ ቀዳ። በአገሩ ሦስት ጊዜ ሳይለመኑ መጠጣት ነውር ነውና፣ ዋንጫውን በመዳፉ ከድኖ «ኧረ በቃኝ» አለ። የሚለምነው ግን አልነበረም። መዳፉ እዚያው ቆየ። ያኔ ልጁ ከመንገድ ተመልሳ፣ ሦስቱንም ልመና በአንድ ትንፋሽ፣ «አባዬ በሞቴ፣ በሞቴ፣ በሞቴ!» አለችው። ጠጣ።

ሁሉም እውነት ነው። የልጅቷን መመለስ ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኩት።