ቀጣዩ ክፍል

ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ እህቷ ቤት ጎራ ብላ ከእህቷ ልጅ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ጨዋታው ካርቶን ላይ ቤት መሳል ነው፤ ተራው የደረሰው አንድ ክፍል ስሎ ይቀጥላል።

ልጅቷ ካርቶኑ ላይ ከተሳለው ሳሎን በር ቀጥሎ ጠባብ ክፍል ሳለች። መስኮት የለውም፤ ሰማያዊ አልጋው ባለ ሦስት እግር ነው።

«አራተኛውን እግር ማን በላው?» ብላ አክስቷ ሳቀች። «በይ ደህና ዋዪ፤ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት።»

«ጨዋታው እኮ አላለቀም፣ አክስቴ።»

«ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን።»

ጉንጯን ስማ የሳሎኑን በር ከፍታ ወጣች። ሁልጊዜ የምትወርድበት ደረጃ የለም። ሰማያዊ አልጋ በሦስት እግሩ ቆሟል። ዞር ስትል የወጣችበት በር ልሙጥ ግድግዳ ሆኗል። በመዳፏ ደበደበችው።

ከግድግዳው ወዲያ እርሳስ ካርቶን ሲጭር ይሰማል።

«ቁጭ በይ፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ። «ቀጣዩን ክፍል እየሳልኩልሽ ነው።»