ነጩ ቀለም

ሽማግሌው ከልጅነቱ ጀምሮ ከእንጨት ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሲሠራ ኖሯል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህም አልተወውም፤ ክንፉንም ጭራውንም በጣቱ እየዳሰሰ ይቀርጻል፣ ያጣብቃል። ጣቱን እምቢ ያለው ቀለም ብቻ ነው። ለእሱም መላ አላጣም፤ ሥራ እንደያዘው ሰው ቀና ሳይል፣ «ትርንጎ፣ እስቲ ነጩን አቀብይኝ» ይላታል። ሚስቱም ትንሽ ቆየት ብላ ከጣሳዎቹ አንዱን ታቀብለዋለች።

ዓይኑ እንደጠፋ አልነገራትም። ከዚህ በላይ ምን ያስጨንቃታል? እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ እሷ ስትቆም እየቆመ፣ ስትራመድ እየተራመደ ዋናውን አስፋልት ይሻገራል።

አንድ ቀን የእህቱ ልጅ ምንትዋብ ልትጠይቃቸው መጣች። በቅርቡ የጨረሰውን አውሮፕላን አውጥቶ ሰጣት። በወጣትነቱ አየር ኃይል ሳለ ይጠግነው የነበረውን፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ነጭ የሆነውን አውሮፕላን ነበር የሠራው።

ምንትዋብ አገላብጣ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? አንዱ ክንፍ ቀይ፣ አንዱ ክንፍ ጥቁር፣ ሆዱ አረንጓዴ?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

«ትርንጎ፣ ነጩን አልነበር እንዴ የሰጠሽኝ?»

ወንበሯ ሲጥ ሲል ሰማ። ከዚያ እጇ ጠረጴዛውን እየዳበሰ መጥቶ እጁን አገኘው።

«አስፋልቱን ስንሻገር» አለችው ቀስ ብላ፣ «የምትመራኝ አንተ መስለኸኝ ነበር።»