የመጨረሻዋ አሃዝ

በዚያ ዘመን በኮምፒውተር የሚመሩ ቤቶች የሚሠሩበትን ትእዛዝ በየዕለቱ በራሳቸው ኮምፓይለር፣ ማለትም ፕሮግራም በሚያቀናብር መሣሪያ፣ ያሳጥሩ ነበር። ሁለት ጥያቄዎች ወደ አንድ መልስ የሚያደርሱ ከሆነ አንድ ላይ ይጠቀለላሉ።

ረድኤት ባሏ ካረፈ ወዲህ ቢሾፍቱ ከመንትያ እህቷ ከብሌን ጋር ትኖራለች። ቤቱ ለሁለቱ የሰጣቸው መለያ ቁጥር የሚለያየው በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ቀርቦ ሳለ ረድኤት ሆድ ብሷት፣ «ቤትሽ ስሜን አይጠራም። ብቻዬን ስገባ እንኳ ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› ነው የሚለኝ» አለቻት።

ዕድሜዋን በፕሮግራም ሥራ ያሳለፈችው ብሌን የቤቱን ትእዛዝ ከፍታ አየችና ሳቀች። «የመጨረሻዋን አሃዝ ማየት ትቷል። ምን ያድርግ? ለሁለታችንም ያው ሻይ፣ ያው ዜና። ለውጥ ለማያመጣ ነገር ማንነታችንን ለምን ይለይ?»

«እኔ እኮ ይሄን ሻይ አልወደውም።»

«ምን አልሽ?»

«ስኳር የሌለው ሻይ እንደ እሬት ይመረኛል። እንግዳ ነኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አንቺ! በማኅፀን አብረሽኝ ተኝተሽ፣ በቤቴ እንግዳ?» ብሌን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በይ፣ የምትወጂውን ሁሉ ለቤቱ ንገሪው፤ ያኔ እኛን ለመለየት ምክንያት ያገኛል።»

ረድኤት አንዴ ከጀመረች ማን ያቁማት! ስኳሩ ይብዛ፣ ዜናው ይቅር፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ዘፈኑ ከፍ ይበል አለች።

ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስትመለስ በሩ፣ «ረድኤት፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አላት።

ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች።

«ኧረ ግቢ!» አለች ብሌን ከጓዳ።

«ቆይ እስቲ» አለችና ረድኤት፣ ወጥታ እንደገና ገባች።