በጠራራ ፀሐይ የበራ መብራት

እስቲ ንገሩኝ፤ በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራቷን ቦግ አድርጋ የምትመጣ መኪና ስታዩ ምን ታስባላችሁ? ሾፌሩ ረስቶት ነው ትላላችሁ፣ አይደል? በእኛ ከተማ በመካነ ሰላም እንደዚያ የሚል ሰው የለም። እዚህ በቀን የምታበራ መኪና ከዐረብ አገር ሬሳ ይዛ የመጣች ናት። ለዚህ ነው የሙሐሲን ነጭ መኪና መብራቷን አፍጥጣ ከገበያው ስትወጣ ሳይ፣ እጄን እያወናጨፍኩ መንገዱ መሀል የገባሁት።

"ቁም! ቁም አንተ!"

ሙሐሲን ፍሬኑን ረግጦ አንገቱን በመስኮት ያወጣል። "አራጌ፣ አበድክ እንዴ? ብገጭህስ?"

"መብራትህን አጥፋ!"

"የምን መብራት?"

አልፈርድበትም። በዚህ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጦ የገዛ መብራቱን አያይም። ወርዶ ሲያየው ግን ፊቱ አመድ ይመስላል። የእናቱ የእትዬ ዘይነባ ቤት ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። እህቱ አሚራ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች፤ መኪናዋም የተገዛችው እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ከገበያው የተከተሉት ሴቶች ደርሰዋል። እህል ነጋዴዋ ወርቂቱ ከፊት ሆና "እኔን! ያቺን የመሰለች ልጅ!" ማለት ጀምራለች።

"ማን ሞተ ብለሽ ጠይቀሻል?" እላታለሁ።

"እንዲህ ያለው ይጠየቃል እንዴ?" ትለኛለች፣ እንደ ባለጌ እያየችኝ።

ወደ ሙሐሲን እዞራለሁ። "ማጥፊያው የት አለ?"

"ተሰብሯል። ራሷ ታብራ፣ ራሷ ታጥፋ የሚለው ላይ ነው የቀረው። እስከ ትናንት ግን ሲመሽ ታበራለች፣ ሲነጋ ታጠፋለች፤ ምንም አላጠፋችም።"

"ሞተሩን አጥፋዋ!"

"ባትሪዋ ደክሟል፤ ካጠፋሁት አትነሳም።"

"ይሄን ሁሉ ለቀስተኛ ይዘህ የሚገፋ ታጣለህ?"

ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ኮፈኑን ከፍቶ ፊውዝ መንቀል ይጀምራል። አንዱን ነቅሎ ሲያወጣ ዘፈን ይዞ የነበረው ራዲዮ ድንገት ጸጥ ይላል። መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

"አያችሁ!" ትላለች ወርቂቱ። "ራዲዮውንም ዘጉት!"

ከኋላ አንዲት ሴት እሪ ትላለች። ደሜ ይፈላል።

"ቆይ፣ ይቺ መኪና መምሸት መንጋቱን በምንድን ነው የምታውቀው?"

"ዓይን አላት። ሻጩ አሳይቶኛል፤ እዚህ፣ ከመስታወቱ ስር።"

ሁለታችንም ወደዚያ እናያለን። ዳሽቦርዱ ዳር እስከ ዳር ዳንቴል ለብሷል። እትዬ ዘይነባ ክረምቱን ሙሉ በኪሮሽ ሲሠሩት የከረሙት፣ እንዳይንሸራተት ከስሩ ወፍራም ጨርቅ የገበሩበት፣ ዛሬ ጠዋት "የልጄ መኪና ራቁቷን አትሄድም" ብለው በገዛ እጃቸው ያለበሱት ዳንቴል። በሁሉም ነገር የምቆጣው ሰውዬ በዚህ መቆጣት ያቅተኛል። ጠርዙን ቀስ አድርጌ እገልጣለሁ። ከስሩ ሽምብራ የምታክል ጥቁር ዓይን አለች። ትንሽ ቆይቶ መብራቷ ድርግም ይላል።

"ጠፋ!" እላለሁ፣ ጎል እንዳገባ ሰው።

"አጠፉት፣" ትላለች ወርቂቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኛን ሲያዩ አጠፉት። እትዬን ጎህ ሲቀድ ሊያረዷቸው ነው።"

ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምን ብዬ ልሟገታቸው? ልጇ የሞተባትን እናት "ትንሽ አሟት ነው" ብለን የምናስተኛ፣ ሽማግሌ አሰባስበን ጎህ ሲቀድ የምናረዳ እኛው ነን። ባለፈው ዓመት ከሳዑዲ ተባርረው ከመጡት ልጆች ጋር ያልመጡት ስንቶቹ ናቸው "በሚቀጥለው አውሮፕላን ነው" የተባለላቸው? ይህን ደግነት ብለን ስናመሰግነው ኖርን። ዛሬ "ደህና ናት" ብንል ማን ይመነን?

እትዬ ዘይነባ ከመታጠፊያው ብቅ ይላሉ። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል። አያለቅሱም፣ አይሮጡም። ሕዝቡ መንገድ ይለቅላቸዋል። ልጃቸውን አልፈው እኔ ፊት ይቆማሉ።

"አራጌ፣ አንተ ተምረሃል። አንተም ትዋሸኛለህ?"

"ወላሂ ደህና ናት፣ እትዬ!" እላለሁ፣ ማተቤን እንዳሰርኩ። "ዳንቴልዎ ነው። የመኪናዋን ዓይን ሸፍኖባት፣ መሽቷል ብላ ነው ያበራችው።"

ዳንቴሉን ያያሉ፤ እኔን ያያሉ። "የልጇን ሬሳ የያዘው መኪና ደጇ ሲቆም፣ ለአልታዬም ያን ጊዜ 'ጎማ ሊነፉ ነው የቆሙት' አሏት። እሷም አምናቸው ቤቷ ገባች።"

ሙሐሲን ስልኩን አውጥቶ ይደውላል፤ ድምፅ ማጉያውን ይጫናል። ይጠራል፣ ይጠራል። እሪ ያለችዋ ሴት ሳትቀር ጆሮዋን ወደ ስልኩ ታስጠጋለች።

"ሄሎ... ሙሐሲን?" የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። "ማዳም ተኝታለች። በኋላ..."

ሙሐሲን ግንባሩን በመኪናዋ ጣሪያ ላይ ያስደግፋል። "አልሀምዱሊላህ።"

"ማን መሆኗ በምን ይታወቃል?" ትላለች ወርቂቱ፣ እንባዋን ሳትጠርግ። "ሹክ ሲባል የሰው ድምፅ ሁሉ አንድ ነው።"

እትዬ ዘይነባ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ነጥቀው፣ ለሁሉም እንዲሰማ ከሻሻቸው በላይ ከፍ ያደርጉታል።

"አሚራ! ማዳምሽ ትንቃ! ሰፈሩ ሊያለቅስሽ እዚህ ቆሟል። ጮክ በይ! ሰው ሁሉ እየሰማ ለእናትሽ መልሺ፤ አለሽ ወይ?"