የፒያኖው ቅቤ

ጎባ ውስጥ ፒያኖ ያለበት ቤት አንድ ነበር፤ የአውራጃው ዳኛ የአቶ ደምመላሽ ቤት። ፒያኖው ጥቁር ነው፤ ፊት ያሳያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ዓይናቸውን ከኖታው ሳይነቅሉ ይጫወታሉ። ዳኛው የጎባን ብርድ ፈርተው የሹራብ ቆባቸውን እስከ አንገታቸው ይስቡና፣ ወንበራቸውን ከፒያኖው ጎን አስጠግተው ይቀመጣሉ።

ፒያኖውን የምትወለውለው የቤት ሠራተኛዋ ጤቤ ናት። ፒያኖ መወልወል ጠረጴዛ እንደ መወልወል አይደለም። መጀመሪያ አቧራው በለስላሳ ጨርቅ፣ ሳይጫኑ ይነሣል፤ አቧራ ላይ ያሹት እንደሆነ እንደ አሸዋ ይጭራልና። ቀጥሎ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ዙሪያውን ካሹት ክብ ክብ ጭረት ይቀራል። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይደርቃል። ላምባ የሚባል ነገር አይነካውም። ጤቤ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ነው የተማረችው።

ሆኖም ወይዘሮዋ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በፒያኖው ጎን መዳፍ የሚያህል የቅቤ እድፍ ያገኛሉ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በቤቱ ውስጥ ጸጉሯን ቅቤ የምትቀባ ደግሞ ጤቤ ብቻ ናት።

«ኮርቻ መስሏት በቅቤ ታሸዋለች» አሉ ወይዘሮዋ፤ «አለዚያም ተደግፋው ትተኛለች።»

ጤቤ ከተባረረች ልጇ ኦብሴ ከአራተኛ ክፍል መውጣቷ ነው፤ ጎባ ውስጥ ሌላ ማደሪያ የላቸውም። ዳኛው ይዩልኝ ብላ ለመነች።

ዳኛው እንደ ችሎት ልማዳቸው ፊት ለፊታቸው፣ ብርሃን ላይ አቆሟት። ከሳሽ ባለበት አትናገርም ብለው ሚስታቸውን አስወጡ። ጤቤ በትልቅ ሰው ፊት እንደሚገባ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ የእናቴ መርዶ ከደረሰኝ ወር አለፈኝ። ሐዘን ላይ ነኝ፣ ቅቤ አልቀባም። ሥራ እንዳይጎድል ብዬ ለእትዬ አልነገርኩም። ሻሼን ፈትቼ ላሳይዎ።»

ዳኛው አፏን የሸፈነውን ነጠላ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም ጌታዬ።»

«ሰማሁ» አሉ። «ዕቃሽን ሰብስቢ።»

በማግስቱ እናትና ልጅ ወደ ደሎ መና በሚሄድ መኪና ጎባን ለቀው ሄዱ። ኦብሴ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር።

ቅዳሜ ወይዘሮዋ ፒያኖውን በገዛ እጃቸው ወለወሉት። ሁለት ዜማ ጨርሰው ሦስተኛውን ሲያጋምሱ፣ ጣቶቻቸው ሳያቆሙ ቀና አሉ። ዳኛው ቆባቸውን አውልቀው፣ በቅቤ የራሰ ጥጥ የወተፉበትን ጆሮ በፒያኖው ጎን ላይ ለጥፈዋል።

«እስካሁን አልጀመርሽም እንዴ?» አሏቸው።