የጓሮው ጩኸት

አዲሱ የፕሮቲን ክትባት ከመጣ ወዲህ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ተረሳ። ዶሮዎቹ ማሳል ተዉ፤ አውራ ዶሮዎቹ ደግሞ መጮህም ተዉ።

ትርንጎ ይህን ለዓይነ ስውሩ ባሏ ለይርዳው አልነገረችውም። እሱ ለጸሎት የሚነሳው ዶሮ ሲጮህ ስለሆነ፣ ጎህ ሲቀድ ጓሮ እየወጣች ራሷ እንደ አውራ ዶሮ ትጮህለታለች።

ዛሬ ግን ጉንፋን ይዟት ጩኸቷ መሀል ላይ በሳል ተቋረጠ። ደንግጣ ስትገባ ይርዳው ጋቢውን ዘርግቶ ይጠብቃታል።

«ነይ ልበሺ፣ ብርዱ ገደለሽ እኮ። እኔ እንደሁ የምነቃው አንቺ በሩን ስትከፍቺ ነው።»

ትርንጎ ጋቢው ውስጥ ገብታ ተንሰቀሰቀች።

«አውራ ዶሮውስ አሁን ምን ያደርጋል?» አላት ቆይቶ።

በክፍቱ በር አየችው፤ አጥሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጓል።

«አፉን ከፍቷል» አለችው።